ግማሹ ሰው የሚያየው ፊት

እኔ ፈሪ ነኝ። የባሮን ወንዝ ድልድይ ስሻገር እንኳ መሐል ላይ ስደርስ እርምጃዬ ሳላስበው ይፈጥናል። ታላቅ ወንድሜ ጋትኩዋት «ኛላም ከገዛ ጥላዋ ትሸሻለች» እያለ ሲያሾፍብኝ ነው ያደግኩት። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤታችን ቃል ያለው እሱ ጋ ስለሆነ፣ ከጥላዬም አብልጬ የምፈራው እሱን ነው። ታዲያ ምን ይደረግ፣ የእንጀራ ገመዴም ይኸው ፍርሃት ነው። ከሙአዝ ጋር ያገናኘኝም እሱው።

ያን ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ከምሠራበት ከጀዊ ያመጣን የድርጅት መኪና ገበያው ጋ ሲያወርደኝ የሞባይል ካርድ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ከባንኮኒው ኋላ የተቀመጠው ወጣት ቀና ብሎም አላየኝ። ላፕቶፑ ላይ አፍጥጦ ብቻውን ያወራል።

«ትገባላችሁ፤ ታያላችሁ፤ ትወጣላችሁ። ምን ሆናችሁ ነው እናንተ ሰዎች?»

«ማን ነው የገባው?» አልኩት። ሱቁ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ደነገጠ፤ ከዚያ አፍሮ ሳቀ። አባቱ ሐጂ ሳኒ የመቲን የጫካ ማር እየተረከቡ በጅምላ ሲሸጡ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ልጅየው ሙአዝ ደግሞ ማሩን ራሴ በኢንተርኔት ለአዲስ አበባ ሰው ልሽጥ ብሎ ተነስቷል። ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ማስታወቂያውን የነካ ሰው መጥቶ የሚያርፍበት ገጽ አለ፤ ላንዲንግ ፔጅ የሚሉት። ሰው እዚያ ድረስ ይመጣል። ከዚያ ምንም ሳያዝ ይሄዳል።

«ልየው?» አልኩት።

ላፕቶፑን አዞረልኝ። ገጹ ገና ሲከፈት እኔ ራሴ ልወጣ ቃጣኝ። መጀመሪያ «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በሰላም መጡ» ይላል። ቀጥሎ የድርጅቱ ታሪክ፣ ራእይ፣ ተልእኮ። ማሩን ለማግኘት ጣት እስኪደክም ወደ ታች መግፋት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው የማዘዣ ቅጽ የአያት ስም ሳይቀር ይጠይቃል።

«ያስፈራል» አልኩት።

«ምኑ ነው የሚያስፈራው? ማር እኮ ነው።»

«የአያቴ ስም ምን ያደርግልሃል?»

ቅጹን እንደ አዲስ ነገር ያየው ጀመር።

ጀዊ መጠለያ ጣቢያ፣ አንድ የረድኤት ድርጅት ውስጥ ወጣቶች ለሥልጠና የሚመዘገቡበትን ገጽ የምይዘው እኔ ነኝ። ሰው መሙላት ጀምሮ የቱ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ጥሎ እንደሚወጣ እከታተላለሁ። ሁሉም «ሰው ሰንፎ ነው» ይሉኝ ነበር። አይደለም፤ ሰው ፈርቶ ነው የሚወጣው። ይህን ለምን ጠየቁኝ፣ ለማን ይሰጡብኛል፣ ብሳሳትስ ብሎ። ስለዚህ እያንዳንዷን መስመር ሳነብ «ፈሪ ሰው እዚህ ጋ ምን ይለዋል ልቡ?» እላለሁ። ፈሪ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም።

ይህን ስነግረው ሙአዝ አገጩን በእጁ ደግፎ አዳመጠኝ። ከዚያ «እንግዲያው እየመጣሽ ፍሪልኝ» አለ።

እንዲህ ያለ ነገር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሳቄ አመለጠኝ። ዓይኑን በደንብ ያየሁት ያኔ ነው፤ አይቼም ቶሎ ወደ ካርዱ ተመለስኩ።

ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ፈራሁለት። ራእዩንና ተልእኮውን ጣልነው። «የመቲ ጫካ ማር፣ አዲስ አበባ ቤትዎ ድረስ» ብለን አናቱ ላይ ጻፍን። ሰው «ስኳር ቢቀላቀልበትስ?» ብሎ ስለሚፈራ «ቀምሰው ካልወደዱት እንመልሳለን» አልን። «ገንዘቤን በልተው ቢጠፉስ?» ስለሚል «ማሩ እጅዎ ሲገባ ይክፈሉ» አልን። ቅጹ ላይ ስምና ስልክ ብቻ ቀረ። ከባዶቹን ፎቶዎች አቀለልናቸው፤ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ሰው ነጭ ገጽ እያየ አይጠብቅም።

ሐጂ እየገቡ «እንዴት ዋልሽ ልጄ» ይሉኝና ወደ መጋዘናቸው ያልፋሉ። የሙአዝ እህት ሪድዋና ሻይ ታመጣልናለች። አንድ ቀን ሙአዝ አዲስ የመጣ ማር በማንኪያ አቀመሰኝ። ማሩ አገጬ ላይ ወረደ፤ እኔ በእጄ ልይዘው ስታገል እጄም ተለወሰ። እንዲያ ስስቅ በስልኩ ፎቶ አነሳኝ። «አጥፋው» አልኩት። «እሺ» አለኝ። አላጠፋውም፤ እንደማያጠፋውም አውቄ ነበር።

ትእዛዝ መምጣት ጀመረ፤ ግን ጠብ ጠብ እያለ ነው። ግንቦት ሲጋመስ ሙአዝ ባንኮኒው ላይ ጨርቁን እያሻሸ፣ እኔን ሳያይ እንዲህ አለ፤

«አባባ ክረምቱ ሳይገባ ይህ ነገር መልክ ካልያዘ ገጹ ይዘጋ ብለዋል። እኔ ሆሳዕና ከተማ አጎቴ ሱቅ እንድሄድ ነው የሚፈልጉት።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ሱቁ የእኔ እንዲሆን ነው፤ ኛላም። ለዘለቄታው ነው።»

በር ላይ ባጃጅ ቆሞ ተሳፋሪ ይጠራል። ጥግ ያለው የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ነው እንደምወደው ለራሴ ያመንኩት፤ ማመኑም አስፈራኝ። እኛ ቤት ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እኔ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪት ልጅ ነኝ፤ እሱ የሐጂ ልጅ ነው። ደግሞ ጁባ ያለ አንድ ሰው ቤተሰቦቹን ኢታንግ ያለው ወንድሜ ዘንድ ልኮ ስለ እኔ የጥሎሽ ከብት እየተነጋገሩ ነበር። ጋትኩዋት ቃል አልሰጠም። «ልጅቷ ከከተማው ነጋዴ ልጅ ጋር ናት» የሚል ወሬ ቢደርሰው ግን በዚያው ቀን ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት የሚባል ነገር የለም።

«አንድ የቀረን ነገር አለ» አልኩት። «ገጹ ላይ ሰው የለም። ሰው የሌለበት ሱቅ ብትገባ ምን ታደርጋለህ?»

«እወጣለሁ።»

«አየህ።»

ሪድዋናን ለመንናት፤ «እኔን በማር አትለውሱኝም» ብላ ሄደች። ማር ቆራጮቹ መቲ ጫካ ውስጥ ናቸው። ሙአዝ የራሱን ፎቶ ሲያነሳ የመታወቂያ ፊት ይዞ ቁጭ አለ፤ ሰው ያባርራል እንጂ አይጠራም። የቀረው የእኔ ፎቶ ነው። ሁለታችንም አውቀነዋል።

«ገጹን ለሁለት እንክፈለው» አልኩ በመጨረሻ። «ከሚመጣው ሰው ግማሹ የማሩን ጠርሙስ ብቻ ይይ፤ ግማሹ እኔን ይይ። የቱ እንደሚያሸጥ እንለይና ከዚያ ፎቶዬን አጥፋው። አንዴ በዕጣ ጠርሙስ የወጣለት ስልክ ሁልጊዜ ጠርሙስ ነው የሚያየው፤ እኔ የወጣሁለትም ሁልጊዜ እኔን።»

«ወንድምሽስ?»

«ማስታወቂያው አዲስ አበባ ነው የሚወጣው» አልኩ።

ጋትኩዋት በዚያው ሰሞን ከኢታንግ መጣ። «ስልክህን ስጠኝ፣ ልደውልበት» ብዬ ተቀበልኩትና ጓሮ ገብቼ ገጹን ከፈትኩ። ጠርሙስ። ተመስገን ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ። የእማዬን ስከፍት ግን እኔው ራሴ ማር በማር ሆኜ ወጣሁ። ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ስልኩ ያየውን እንዲረሳ የጎበኘውን መዝገብ አጥፍቼ ገጹን እንደገና ከፈትኩ፤ ጠርሙስ እስኪመጣ እንዲያው ሳጠፋና ስከፍት እጄ በላብ ራሰ። ከዚያ ቤቴ ውስጥ የሚያስፈራኝ ስልክ አልቀረም ብዬ አረፍኩ። ስለ ሐጂ ስልክ ያሰብኩት ነገር የለም፤ ሙአዝ «አባባ ለመደወል ብቻ ነው የሚጠቀሙበት» ብሎኛል።

ጠርሙሱ ያለበት ገጽ እንደ ወትሮው ጠብ ጠብ አለ። እኔ ያለሁበት ግን የሙአዝን ስልክ አላሳርፍ አለ። የደወሉት ሰዎች «ያቺ የምትስቀው ልጅ የቀመሰችው ማር ይምጣልኝ» ይላሉ። ሙአዝ እየሳቀ ያሽጋል። እኔ ደስ ይለኛል፤ ቀጥሎ እፈራለሁ።

ከዚያ ጋትኩዋት ደወለ። በራሳችን ቋንቋ፣ በትልቅ ድምፅ፤ «እማ የነገረችኝ ያ የሠራሽው የማር ገጽ እኮ ጥሩ ነው። ወረዳ ላሉት ጓደኞቼ ሁሉ ላክሁት፤ እህቴ የሠራችው ነው ብዬ።»

ስልኩን ዘጋሁ። የኢታንግ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰው ሁሉ። ግማሹ ጠርሙስ ያያል። ግማሹ?

እየሮጥኩ ሱቅ ደረስኩ። ሙአዝ ፊቴን አይቶ ጥያቄ ሳይጠይቅ ላፕቶፑን ከፈተ። «አሁኑኑ ላጥፋው?» አለኝ። «በይኝ፤ አጠፋዋለሁ። ሆሳዕናም ብሄድ እሄዳለሁ። አንቺ ፈርተሽ እንድታድሪ አልፈልግም።»

ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው፤ ዓይኑ እኔ ላይ። ካጠፋው ይሄዳል። ካላጠፋው ወንድሜ ያያል። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ጊዜ የለም። ደግሞ እንደዚያ የወደደኝ ሰው የለም።

«ተወው» አልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ተወው ብቻ።»

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ አውቃለሁ። ገበያ ውስጥ አንዲት የኢታንግ ልጅ፣ ኛኬር የምትባል፣ «ማሪቱ» ብላ ጠራችኝ። ብዙም ሳትስቅ ቲማቲሟን መምረጥ ቀጠለች። ዘምቢሌን ጥዬ ልሄድ ምንም አልቀረኝም። ሐጂም ጠባያቸው ተቀየረ። «እንዴት ዋልሽ ልጄ» ካሉኝ በኋላ ቆም ብለው ያዩኛል። አንድ ጠዋት «መቲ ማር ልረከብ ልሂድ» ብለው ወጡ፤ ሲመለሱ የደረቀ ዓሣ ይዘው ገቡ። ሙአዝ «አባባ፣ ከመቲ ደግሞ ዓሣ?» ቢላቸው «ዝም ብለህ ብላ» አሉት።

በማግስቱ ጋትኩዋት ደወለ። ድምፁ አጭር ነበር። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ማሩ ሱቅ ጋ ጠብቂኝ።»

የሱቁን ቦታ ነግሬው አላውቅም።

ጠዋት ሱቁ ስደርስ ሐጂ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሙአዝ ባንኮኒውን ለሦስተኛ ጊዜ ይጠርጋል። የሞተር ድምፅ በሩ ላይ ሲቆም ውስጤ ያለው ነገር ሁሉ አብሮ ቆመ። ጋትኩዋት ጎንበስ ብሎ ገባ፤ በሩ ለቁመቱ አይበቃም። ሐጂን እጅ ነሳ፤ ሙአዝን አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም እንዲሰማው ብሎ በአማርኛ ተናገረ።

«በሐጂ ስልክ አንቺ ነሽ። በእኔ ስልክ ማር ነው። ትናንት ከፈትኩ፤ ማር። ዛሬ ከፈትኩ፤ ማር። ጓደኛዬ ከፈተ፤ አንቺ። ይሄ ምንድነው?»

«ሐጂ?» አልኩ።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሪድዋናን ያንን የማር ገጽ ስልኬ ላይ አውጪልኝ አልኳት። ስከፍተው አንቺ ነሽ። በማግስቱም አንቺ ነሽ። እኔ መቼም ይህን ግማሽ ግማሽ የሚባለውን ነገር ማን ነግሮኝ። በእኛ ቤት ልጅ አባቱን ፊት ለፊት እቺን አጋባኝ አይልም፤ ያሳፍራል፤ ሰው ይልካል። ይኸው ሙአዝ በስልኬ ላከብኝ አልኩ። ለአገር ሁሉ ካሳያት ደግሞ ቆርጧል ማለት ነው። ሼሁን አማከርኩ፤ ሽማግሌ ይዤ፣ ጎረቤታችንን መምህር ኩዌትን አስቀድሜ ኢታንግ ወረድኩ።»

ሙአዝ መጥረጊያ ጨርቁን እንደያዘ ቀረ። «አባባ፣ እኔ እኮ ማር ልሸጥ ነው…»

«አትፈልጋትም ታዲያ?»

ሙአዝ አባቱን አየ፤ ወንድሜን አየ። «እፈልጋታለሁ» አለ። እንደዚያ ተንቀጥቅጦ የተነገረ ቃል ሰምቼ አላውቅም፤ እንደዚያም ያመንኩት የለም።

ጋትኩዋት ግን ከእኔ ላይ ዓይኑን አላነሳም። አሁን በራሳችን ቋንቋ ጠየቀኝ። «ከእኔ ነው የደበቅሽው?»

ልዋሽ እችል ነበር። ማሽኑ ነው፣ ዕጣ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። «አዎ» አልኩት። «ስልክህን ወስጄ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጠርሙስ ሲመጣ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።»

«ይህን ያህል ነው የምትፈሪኝ?»

ወንድሜ ሲቆጣ አይቻለሁ፤ ሲያዝን ግን ከአባታችን ቀብር ወዲህ አላየሁም። ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠ፤ ሙአዝ ሆሳዕና እሄዳለሁ ባለኝ ቀን እኔ የተቀመጥኩበት ላይ።

«የሐጂ ስልክ ላይ ሳይሽ» አለ፣ «መጀመሪያ አላወቅሁሽም። እንዲህ ስትስቂ ካየሁ ስንት ዘመኔ። ይህችን ልጅ ምን አገኛት ብዬ ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ። የጁባውን ሰው ትናንት አይሆንም ብዬ መለስኩት።»

ከዚያ ተነሣና ወደ አማርኛው ተመለሰ፤ ድምፁም ወደ ወትሮው። «አሁን ስሙኝ። ግማሹን ማሳየት፣ ግማሹን መደበቅ፣ ይሄ የሌባ ሥራ ነው። ወይ ሁሉም ሰው ይያት፤ ወይ ማንም አይያት። ሐጂ፣ የከብቱን ነገር ቆይተን እናወራለን። እናንተ ከብት አታውቁም።»

«እንማራለን» አሉ ሐጂ።

«አንቺ ምረጪ» አለኝ ወንድሜ። «ሙአዝ አይደለም። አንቺ።»

ላፕቶፑ ፊቴ ተቀመጠ። ሙከራውን ለመዝጋት ሁለት ምርጫ አለው፤ ጠርሙሱ ለሁሉም፣ ወይም ፎቶው ለሁሉም። ፎቶውን ከመረጥኩ እማዬ ስልክ ላይ ያ ሁሉ ላብ ያፈሰስኩበት ጠርሙስ ይጠፋል። የመዘምራኑ ሰዎች ያያሉ። ኛኬር ያልነገረችው ሰው ሁሉ ያያል። ጠርሙሱን ብመርጥ ደግሞ የሚቆጣኝ የለም፤ ወንድሜም ሙአዝም ምንም አይሉኝም። ልቤ ጠርሙሱን፣ ጠርሙሱን አለኝ፤ ልቤ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ጣቴን ፎቶው ላይ አሳረፍኩና ተጫንኩት።

ጋትኩዋት ስልኩን አውጥቶ ገጹን ከፈተ። ጠርሙሱ የለም። አየኝ፤ በአውራ ጣቱ አንድ ነገር ነካ አደረገ። «ለእማ ላክሁላት» አለ።

«ምን አደረግህ?»

«እኔን ብቻ ነው ወይ የምትፈሪው?» አለና ከሐጂ ሻይ ተቀበለ።

ስልኬን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ እንደ እባብ አየው ጀመር። ሙአዝ አጠገቤ ቆመ። አልነካኝም፤ ግን ክንዱ ለክንዴ ቅርብ ነበር፤ ሙቀቱ ይሰማኛል። ስልኩ ጠራ። እማዬ ነች።

አነሳሁት። ከጀርባዋ የመዘምራኑ ልምምድ ይሰማል።

«ኛላም፣ ይቺ የሐጂን ማር ይዛ የምትስቀው… አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማ። እኔ ነኝ።»

«የሚያወሩለት የሐጂ ልጅም እዚያ አለ?»

«አለ።»

ከዚያ ከዝማሬው የወጣች መሰለኝ፤ ድምፁ ራቀ።

«ፈርተሽ ነው ያልነገርሽኝ?»

«አዎ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እፈራለሁ፣ እማ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች። «እንግዲያው እየፈራሽም ቢሆን ይዘሽው ነይ። ከእሱ አፍ ልስማው።»

ለሙአዝ ነገርኩት። ጨርቁን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ፤ መልሶ አነሳው፤ ደግሞ አስቀመጠው። «እኔ ምን እላታለሁ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ያስፈራሃል?»

«በጣም።»

«ና» አልኩት። «እኔ አብሬህ እፈራለሁ።»

ጫማውን አጥልቆ ወጣ፤ እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ከጎኑ ሆንኩ። ወንድሜ ከኋላችን ሞተሩን እየገፋ ቀስ ብሎ ይመጣ ነበር።